የጨዋማ ውሃ አኳሪየሜ 30 ዲግሪ ሊደርስ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ሰማያዊ ገንዳ)

ሰላም ለሁላችሁም። 200 ሊትር የሚይዝ የጨዋማ ውሃ አኳሪየም አለኝ። ከጀመርኩት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ውስጡ ሁለት ክላውን ፊሽ፣ አንድ ጎቢ የሚባል ዓሣ፣ ጥቂት ለስላሳ ኮራሎችና አንድ ሀመር ኮራል አለ። እስካሁን ደህና ነበር። ሙቀቱ ከመጣ ወዲህ ግን ውሃው አልበርድ አለኝ። ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስለካው 29.6 ዲግሪ ሆኗል። ዛሬ ጠዋት ክፍሉ 25 ሆኖ ሳለ ውሃው 28.4 ነበር። ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ሀመሩ ተኮማትሯል፤ ጫፉም የነጣ መሰለኝ።

ቺለር (የውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን) ለመግዛት አሁን አቅሜ አይፈቅድም። በረዶ ልጨምርበት አልኩና ፈራሁ። እባካችሁ የምታውቁትን አካፍሉኝ፤ አንዱም እንዲሞትብኝ አልፈልግም። እህታችሁ ነኝ።

መልስ (ማዕበል)

አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ዛሬን እንሻገር። ዓሦቹ ወደ ላይ የወጡት ኦክስጅን አጥሯቸው ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። የባሕር ውሃ በ25 ዲግሪ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። በ30 ዲግሪ ወደ 6.2 ይወርዳል። ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ግን በዚያው ሙቀት ዓሣውም ባክቴሪያውም የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። በሁለቱም በኩል ነው የሚጠበው።

ስለዚህ አሁኑኑ የውሃ ማዘዋወሪያ ፓምፑን አፍ ወደ ላይ አዙሪው፤ የውሃው ገጽ በደንብ ይናወጥ። የአየር ፓምፕ ካለሽ ጨምሪ። የመስታወት ክዳኑን አንሺ። ጎቢ ስላለሽ ግን በምትኩ ወንፊት መሳይ መረብ ዘርጊበት፤ ጎቢ ዘሎ መሬት ላይ ይገኛል። መብራቱን ዛሬ አታብሪ። ምግብም በግማሽ ቀንሺ። የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ ያለችውን ኦክስጅን ይሻማል።

መልስ (የጨው ሰው)

በረዶውን በቀጥታ እንዳትጨምሪ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪን ይዞ ይገባል፤ ጨዋማነቱንም ያወርደዋል። ከፈለግሽ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አቀዝቅዘሽ ከነክዳኑ አንሳፍፊው። ውሃ ወደ በረዶ ሲቀየር በመጠን 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙዪው።

ግን ብዙ አትጠብቂ። አስልቼዋለሁ። 1 ሊትር በረዶ ቀልጦ ከውሃሽ ጋር እኩል እስኪሞቅ ድረስ 200 ሊትሩን የሚያወርደው በ0.6 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ይሞቃል። ኮራልን እንዲህ ያለ መውጣት መውረድ ይጎዳዋል። ጠርሙሱ ለክፉ ቀን እንጂ ለየቀኑ አይሆንም።

መልስ (ኮራል ጠባቂ)

በረዶውን ተዪውና ቬንትሌተር አምጪ። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ፤ ሦስት የሙቀት ወቅት ያለፍኩት በእሱ ነው።

ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የሚይዘው ሙቀት ደግሞ ቀላል አይደለም። ከላይ የጨው ሰው የሰራውን ስሌት በዚህ በኩል ብትሠሪው፣ 1 ሊትር ውሃ ሲተን ከ200 ሊትር ላይ 3 ዲግሪ ገደማ የሚያወርድ ሙቀት ይወስዳል። ከአንድ ሊትር በረዶ አምስት እጥፍ ማለት ነው። በተግባር ሙቀት ከክፍሉም ከዕቃውም እየገባ ስለሆነ ሙሉውን አታገኚም። ቢሆንም ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ማውረድ የተለመደ ነው።

አቀማመጡ ላይ ተጠንቀቂ። ነፋሱ በውሃው ገጽ ላይ ተንሸራቶ ይለፍ እንጂ ቀጥ ብሎ ወደ ታች አይምታ። ከታች ሰምፕ (ከገንዳው ሥር የሚቀመጥ የማጣሪያ ታንክ) ካለሽ እዚያም ላይ አንድ ትንሽ ማራገቢያ አድርጊ። በደንብ እሰሪው፤ ውሃ ውስጥ የወደቀ ቬንትሌተር ሰው ይገድላል። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠልና ከዚያ ወደ ላይ ይመለስ። ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ ጠብታ ያኔ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው እዚያው ይቀራል። በቀን 4 ሊትር ቢተንብሽና ባትተኪው ጨዋማነቱ (በአንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ ያለው ግራም ጨው) ከ35 ወደ 35.7 ይወጣል። በሳምንቱ ከ40 ያልፋል። የምትተኪው በጨው ውሃ ሳይሆን በተጣራ ንጹህ ውሃ ነው። በየቀኑ፣ ቢቻል ጠዋትና ማታ ከፋፍለሽ። የገንዳው መስታወት ላይ በማርከር መስመር አስምሪ፤ ውሃው ከመስመሩ ሲወርድ ትሞያለሽ። ይሄው ነው። ተንሳፋፊ ማብሪያ ያለው በራሱ የሚሞላ ዕቃ ከገዛሽ የውሃ ማጠራቀሚያው ትንሽ ይሁን፤ ማብሪያው ቢበላሽ ሁሉም ተገልብጦ አይገባም።

መስኮትም ክፈቺ። ክፍሉ ከተዘጋ አየሩ በእንፋሎት ይሞላና ውሃው መትነን ይተዋል።

መልስ (ቴርሞሜትር)

ሁላችሁም ልክ ናችሁ፤ ግን ጥያቄው ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር አልፋችሁታል። ጠዋት ክፍሉ 25፣ ውሃው 28.4። ሌሊቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ያደረ ገንዳ ከክፍሉ በ3 ዲግሪ የሚበልጠው ለምንድነው? ይህ የአየሩ ሙቀት ብቻ አይመስለኝም። ከውስጥ የሚያሞቀው ነገር አለ።

እህቴ፣ ማሞቂያሽን እዪ። ስንት ላይ ነው ያለው? የማሞቂያው መብራትስ አሁን በርቷል? የማሞቂያ ቴርሞስታት ሲያረጅ መገናኛው ተጣብቆ ይቀርና አልጠፋ ይላል። በቀዝቃዛው ወቅት አይታወቅም፤ ጉዱ የሚወጣው ሲሞቅ ነው። ቴርሞሜትርሽንም በሌላ አመሳክሪ። መስታወት ላይ የሚለጠፉት ብዙ አይታመኑም።

ሰማያዊ ገንዳ

አሁን አየሁት። 25 ላይ ነው ያደረግኩት፤ ውሃው 29 ሆኖ ቀይ መብራቱ በርቷል! በዚህ ሙቀት ማሞቂያ ይሠራል ብዬ ለማሰብ እንኳ አልሞከርኩም። ልንቀለው?

መልስ (ቴርሞሜትር)

ከሶኬቱ ንቀይው፤ ግን ከውሃው ወዲያው አታውጪው። ሲሠራ የቆየ ማሞቂያ አየር ላይ ሲወጣ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ከዚያ አትመልሺው፤ ጣይው።

ቀጥሎ የፓምፖቹን ዋት ደምሪ። ውሃ ውስጥ የሚሠራ ፓምፕ የሚበላው ኃይል ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ድምሩ 75 ዋት ቢሆን፣ የሚወጣ ሙቀት ባይኖር ኖሮ ገንዳሽን በ3 ሰዓት 1 ዲግሪ ያሞቀዋል። የስኪመሩን (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን ማጣሪያ) ፓምፕም ቁጠሪ። አሮጌ ፓምፕ ስትቀይሪ ዋቱን አይተሽ ግዢ።

መልስ (ጥልቅ ውሃ)

ስለ ቺለር ትንሽ ልበል። ኮራል ጠባቂ ስለ ቬንትሌተር ያለው እውነት ነው፤ ግን አየሩ እርጥብ በሆነበት አገር ቬንትሌተር እምብዛም አይሠራም። እኔ ሞክሬ ከ1 ዲግሪ በላይ አላገኘሁም። ለእንደኔ ዓይነቱ፣ አክሮፖራን የመሰሉ ስስ ኮራሎች ለያዘም፣ ቺለር ቅንጦት አይደለም።

ወደፊት ከገዛሽ ማሽኑ ከውሃው የወሰደውን ሙቀት ወደ ክፍሉ እንደሚተፋ አትርሺ። ካቢኔት ውስጥ ከዘጋሽበት የራሱን ትኩስ አየር እየሳበ ይለፋል። አየር የሚያገኝበት ቦታ፣ ከተቻለም ከክፍሉ ውጪ ይሁን። ኮምፕረሰር የሌላቸውን፣ በኤሌክትሪክ ሳህን ብቻ የሚያቀዘቅዙትን ለ200 ሊትር አልመክርም። ለትንንሽ ገንዳ ናቸው።

መብራትሽን ደግሞ ወደ ማታ አዙሪው። ከቀትር ሙቀት ጋር አብሮ መሥራት የለበትም። ዓሦቹ በሁለት ሦስት ቀን ይለምዱታል።

ሰማያዊ ገንዳ (ከአምስት ቀን በኋላ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሞቂያው ተነቅሏል፣ ቬንትሌተሩ ታስሯል፣ ክዳኑ በመረብ ተተክቷል። ትናንት በቀትር 26.3፣ ዛሬ ጠዋት 25.1። በቀን 3 ሊትር ተኩል ያህል ንጹህ ውሃ እጨምራለሁ። ክላውኖቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። ሀመሩ ግማሽ በግማሽ ተከፍቷል፤ የነጣው ጫፉ ግን እንዳለ ነው። ሞቷል ማለት ነው?

መልስ (ኮራል ጠባቂ)

እልል! የነጣ ኮራል የሞተ አይደለም። ቀለም የሚሰጡትና አብዛኛውን ምግቡን የሚያዘጋጁለት በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ናቸው። ሲሞቀው ያስወጣቸዋል። ሥጋው አጥንቱን ሸፍኖ እስካለ ድረስ መልሶ ሊያገኛቸው ይችላል፤ ሳምንታት ይፈጃል። ሥጋው ተልጦ ነጩ አጥንት ከታየ ግን ያ ክፍል ሞቷል። ለአሁኑ ብርሃኑን ቀንሺለት፤ ቦታውን አትቀያይሪበት፤ በሳምንት አንድ ሁለቴ ደቃቅ ምግብ ስጪው።

ሰማያዊ ገንዳ

ሥጋው አለ፤ አጥንት አልታየም። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ቬንትሌተሩ ሌሊትም ይሥራ? አዲስ ማሞቂያስ አሁን ልግዛ ወይስ እስኪበርድ ልጠብቅ?

መልስ (ቴርሞሜትር)

ሁለቱን ከአንድ የሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር አገናኚያቸው። ቬንትሌተሩ 26.5 ላይ ይነሳ፣ ማሞቂያው 24.5 ላይ። መሐሉ ክፍት ስለሆነ አንዱ ሲያቀዘቅዝ ሌላው አያሞቅም። ማሞቂያውን አሁኑኑ ግዢ፤ ሌሊት በድንገት የቀዘቀዘ ቀን ቬንትሌተሩ ውሃውን ከሚፈለገው በታች ሊያወርደው ይችላል። የራሱን ቴርሞስታት 26 ላይ አድርጊው፤ መቆጣጠሪያው ቢበላሽ እንኳ ከዚያ አያልፍም።