ጥቆማ፦ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ላሰራችሁ የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ምን ይበላል? ምን ይቅር?

ሰሜን ሸዋ የገብስ አገር ነው። የገብስ አገር ደግሞ ቆሎ አያጣም። ቡና ሲፈላ ቆሎ፣ መንገድ ሲወጣ ኪስ ውስጥ ቆሎ። ስለዚህ ጥርሱን ሽቦ ያሳሰረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቆሎ ነው። ሽቦው እስኪወጣ ድረስ ቆሎ ይቅርባችሁ። ዳቦ ቆሎ፣ የሽምብራና የባቄላ ቆሎ፣ የተጠበሰ በቆሎም እንደዚያው። ብራኬቱ፣ ማለትም ሽቦውን የሚይዘው ትንሹ ቁራጭ፣ ጥርስ ላይ የተያዘው በማጣበቂያ ነው። ጠንካራ ነገር ሲነከስበት ይላቀቃል፣ ሽቦውም ይጣመማል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 24 ወር ይወስዳል፤ ብራኬት በወለቀ ቁጥር ሊራዘም ይችላል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ እየሄደ ለሚታከም ሰው ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር መንገድ አለበት።

ገብሱን ግን አትተዉት። ቆሎ ሆኖ የሚጎዳችሁ ገብስ በሶ ሆኖ ያጠግባችኋል። ብዙ ሰው ብሬስ ሲያስር የቤቱን ምግብ ትቶ ወደ ብስኩትና ጣፋጭ ይሄዳል። ከሁሉም የማዝነው በዚህ ነው።

ሐኪሙ ሽቦውን ካጠበቀው በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ጥርስ ያማል። ለዚያ ሰሞን የእኔ አንደኛ ምርጫ የተበጠበጠ በሶ ነው። ጭብጦ አይደለም፤ ጭብጦው ደረቅ ስለሆነ በብራኬቱ ዙሪያ ይለጠፋል። በደንብ የተነፋ የበሶ ዱቄት፣ ውሃና ትንሽ ጨው በቂ ነው። ገበያ ላይ ስትገዙ ዱቄቱን በሁለት ጣት አሸት አድርጉት። ገለባ ከቆረቆራችሁ ሌላ ጋ ሂዱ፤ ያ ገለባ ከሽቦው ሥር ገብቶ ድድ ይወጋል። ሁለተኛ አጥሚት ነው፣ ስኳሩ ካልበዛ። ገንፎ ሦስተኛ ያደረግሁት በርበሬውና ቅቤው አፍ ውስጥ ቁስል ላለበት ሰው ስለሚያቃጥል ነው። ቁስል ከሌለባችሁ ከሁሉም ይሻላል፣ በተለይ በደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት።

ቁርስ ውጭ የምትበሉ ከሆነ ፉልና እንቁላል ፍርፍር እዘዙ። ከፉሉ ጋር የሚመጣውን ዳቦ ቅርፊቱን ትታችሁ ውስጡን ብቻ ብሉ። ድፎ ዳቦም እንደዚሁ፤ የዳር ዳሩ ለእናንተ አይደለም። ጨጨብሳ ለስላሳ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ቂጣው ከደረቀ ይቅር። ሳምቡሳ አልመክርም።

እንጀራ ችግር የለውም። ብቻ የገብስ እንጀራ ቶሎ ይደርቃል፤ በማግስቱ ፍርፍር አድርጉት፣ መረቁን ሳትሰስቱ። የቋንጣ ፍርፍር ከመጣላችሁ ቋንጣውን ለጎናችሁ ሰው ስጡ።

ሥጋ ላይ ጠንቀቅ በሉ። የመንዝ በግ ባለበት አገር ሥጋ ተዉ አልልም። ምንቸት አብሽ ከጥብስ ይሻላል፣ ቅቅል ደግሞ ከሁለቱም። በደንብ የበሰለ ቅቅል በእጅ ሲነካ ከአጥንቱ ይለቃል፤ በጣት ቆራርጣችሁ በመንጋጋ አኝኩት። አጥንት መጋጥ የለም። ጥሬ ቁርጥና ደረቅ ጥብስ በፊት ጥርስ ስለሚጎተት ብራኬቱን ይነቅለዋል። ጾም ላይ ሽሮ፣ ምስርና ድንች ወጥ እያለ ማን ይቸገራል? ጎመን ብቻ በደቃቁ ይከተፍ፤ ረጅም ከሆነ ሽቦው ላይ ይጠመጠማል።

አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ፣ እርድ። ሽቦውን ብራኬቱ ላይ የሚያስረው ትንሹ ጎማ ነጭ ወይም ግልጽ ከሆነ አልጫ ቢጫ ያደርገዋል። ጥርሱን አይጎዳም፤ ጎማው ሲቀየር ይሄዳል። አልጫ የምትወዱ ከሆነ ግን ስታስቀይሩ ጠቆር ያለ ቀለም ምረጡ።

ጎረቤት ቡና ስትጠሩ «በሞቴ አንድ እፍኝ» መባሉ አይቀርም። «እትዬ፣ ጥርሴ ታስሯል፣ ንፍሮ ካለ እበላለሁ» በሉ፤ ማንም አይቀየማችሁም። የባቄላ ንፍሮ ልጡን ገፍፋችሁ ብትበሉት የቆሎን አምሮት ይቆርጣል። ፈንዲሻ ግን በበዓልም ቢሆን ይለፋችሁ። ያቺ ቀጭን ሽፋኑ ከድድ ሥር ከገባች በቀላሉ አትወጣም።

ፍራፍሬ ከሆነ ከሸዋሮቢት በኩል የሚመጣውን ፓፓያ እመርጣለሁ። ማንጎ ይጣፍጣል፣ ቃጫው ግን ሽቦ ውስጥ ይቀራል፤ ጭማቂ ቢሆን ይሻላል። ሸንኮራ በፍጹም። ጁስ ቤት አቮካዶ ስታዙ «ስኳር አታድርጉበት» ማለት አትርሱ። ስኳር በብራኬቱ ዙሪያ ሲቆይ ባክቴሪያው አሲድ ይሠራል፣ አሲዱም የጥርሱን ሽፋን ይበላዋል። ብሬሱ ሲወጣ ነጭ ነጠብጣብ የሚታየው ለዚህ ነው፤ እሱ ደግሞ በመቦረሽ አይለቅም። ማስቲካና ከረሜላን የምትተዉት ስለሚጣበቁ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

የሚገዛ ነገር ካላችሁ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፣ በሽቦው ሥር የምትገባ ትንሿ ብሩሽና የሚወጋውን ሽቦ የምትሸፍኑበት የጥርስ ሰም። ሰሙን ቀጠሮ በሄዳችሁበት ቀን ከሐኪሙ ጠይቁ፤ ሽቦ ጉንጭ መውጋት የሚጀምረው ቀጠሮ ጠብቆ አይደለም። መፋቂያ የለመዳችሁ ለጊዜው አስቀምጡት፣ ከሽቦው ሥር አይገባም። አፍ ሲቆስል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ ተጉመጥመጡ።

ብራኬት ከላላ በእጃችሁ አትንቀሉት። በሰም ሸፍኑት፣ በዚያ በኩል አታኝኩበት፣ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ለሐኪማችሁ ደውሉ።