ወፍራም ልጅ ለምን ከእኩዮቹ ቀድሞ ይረዝማል? የእድገት ሆርሞኑስ ምን ይሆናል?

የአራት ኪሎ እናት፦

ጤና ይስጥልኝ። የ11 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ክብደቱ 58 ኪሎ፣ ቁመቱ 154 ሳንቲ ሜትር ነው። የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ግቢው በመኪና ስለተያዘ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ የለም፤ ትምህርት ቤትም በሰርቪስ ሄዶ በሰርቪስ ይመለሳል፣ ከዚያ እስኪተኛ ድረስ ስልክ ይዞ ይቀመጣል። እናቴ «ልጅ ሲወፍር ያምርበታል፣ ቁመቱም አብሮ ይመዘዛል» ትለኛለች፤ በእርግጥም ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ውፍረት የእድገት ሆርሞንን እንደሚቀንስ ነግራኝ፣ በመርፌ የሚሰጥ ሕክምና እንዳለ ጠቁማኛለች። ሆርሞኑ የሚቀንስ ከሆነ ልጄ እንዴት ከእኩዮቹ ሊበልጥ ቻለ? መርፌውስ ያስፈልገዋል?

የሕፃናት ሐኪም፦

እህቴ፣ ሁለቱም የነገሩዎት እውነትነት አለው። የእድገት ሆርሞን ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ከምትባል ትንሽ ዕጢ በየተወሰነ ጊዜ የሚለቀቅ ሲሆን፣ ከፍተኛው መጠን የሚወጣው ልጁ ከተኛ ብዙም ሳይቆይ በሚወስደው ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ነው። ልጅ ሲወፍር ዕጢዋ የምታወጣው ይቀንሳል፤ የወጣውም ከደም ውስጥ ቶሎ ይጠፋል። ነገር ግን አጥንትን የሚያስረዝመው ይህ ሆርሞን ብቻውን አይደለም። ሆርሞኑ ጉበትን አዝዞ አይ ጂ ኤፍ አንድ የሚባል ሌላ አሳዳጊ ንጥረ ነገር ያስመርታል፤ በወፈረ ልጅ ደም ውስጥ ኢንሱሊን ስለሚበዛ ጉበቱ ለትንሹም ሆርሞን አብልጦ ይታዘዛል፣ ያንን ንጥረ ነገር አስሮ ከሚይዙት ፕሮቲኖች አንዳንዶቹም ይቀንሳሉ። ስለዚህ የእድገት ሆርሞኑ አንሶ ሳለ ለአጥንቱ የሚደርሰው ትእዛዝ አይጎድልም። የስብ ሕዋሳት የሚያመነጩት ሌፕቲንና ስብ ውስጥ የሚዘጋጀው ኤስትሮጅን የተባለ የጾታ ሆርሞን ሲጨመሩበት የልጁ የአጥንት ዕድሜ፣ ማለትም አጥንቱ በራጅ ሲታይ የደረሰበት የብስለት ደረጃ፣ ከልደት ዕድሜው ይቀድማል።

እናትዎ ያዩት መመዘዝ ይህ ነው። ሆኖም በአጥንቱ ጫፍ ላይ ያለው፣ ገና ያልጠነከረው የማደጊያ ክፍል ቀድሞ የበሰለበት ልጅ በጉርምስና ወቅት የሚጨምረው ቁመት ከእኩዮቹ ያነሰ ስለሚሆን፣ ዛሬ ከኋላው ያሉት ይደርሱበታል፤ አዋቂ ሲሆን ብዙውን ጊዜ እንደ ማንኛውም ሰው ይሆናል እንጂ የዛሬው ብልጫ አብሮት አይዘልቅም።

መርፌው አያስፈልገውም። በወፈረ ልጅ ላይ የሚደረግ የሆርሞን ምርመራ ራሱ ዝቅተኛ ውጤት ስለሚያሳይ፣ ያለ ጥንቃቄ ከተነበበ ወደ ተሳሳተ ሕክምና ይወስዳል፤ ክብደቱ ሲስተካከል ግን ሆርሞኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ወፍሮ ቁመቱ የቆመ ልጅ ነው፤ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን ወይም የእውነተኛ የእድገት ሆርሞን እጥረት፣ አለዚያም ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን መብዛት ሊኖርበት ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት።

የልጅዎ ክብደት ለቁመቱ ስኩዌር ሲካፈል 24.5 ገደማ ይመጣል፤ ይህም በዓለም ጤና ድርጅት የ2007 የእድገት መለኪያ መሠረት ለዕድሜው ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። ቢሆንም እባክዎ አያስርቡት፤ በተራበ ልጅ ጉበት ያ አሳዳጊ ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ እድገቱ ይገታል። ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ ቢጨምር እንኳ ትልቅ ለውጥ ነው። በቅድሚያ የለስላሳ መጠጡን ያስቀሩ፤ በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። ስልኩንም ማታ ከመኝታ ክፍሉ ያውጡ።

የልደታ አባት፦

የእኔ ልጅ ሴት ናት። ሰባት ዓመት ተኩል ሲሆናት ጡቷ ማጎጥጎጥ ጀመረ፤ እኛ ስብ ነው ብለን ስድስት ወር አሳለፍን፣ ዛሬም ይቆጨኛል። ሐኪሟ በእጁ ዳብሶ ስብ አለመሆኑን ነገረን፤ የግራ እጇ ራጅ ሲታይ የአጥንት ዕድሜዋ ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ ተገኘ። ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ከ8 ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ አትዘግዩ። እኛ በበኩላችን ብስኩቱንና ቺፕሱን በቆሎና በበሶ ተካን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ አብረን እንሄዳለን።

የአራት ኪሎ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእግር ጉዞውን ለመጀመር አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ልጄ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፣ ቀኝ ጉልበቴን ያመኛል እያለ ትንሽ ያነክሳል። የጉልበት ራጅ ተነስቶ ምንም የለውም ተብለናል። ክብደቱ ስለከበደው ይሆን?

የሕፃናት ሐኪም፦

ጉዞውን አሁን አይጀምሩ። በዚህ ዕድሜ ባሉ ወፍራም ልጆች የጭን አጥንት ራስ ከማደጊያ ክፍሉ ላይ ሊንሸራተት ይችላል፤ ችግሩ ዳሌ ላይ ሆኖ ሕመሙ ጉልበት ላይ ሊሰማ ስለሚችል የጉልበት ራጅ አያሳየውም። ዛሬውኑ የአጥንት ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ወስደው የሁለቱም ዳሌዎቹ ራጅ እንዲነሳ ይጠይቁ፤ ከሆነ በቀዶ ሕክምና መጠገን አለበት፣ በዘገየ ቁጥር መንሸራተቱ ይብሳል። እስኪታይ ድረስ ቀኝ እግሩን አያስረግጡት። አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆናችሁ፣ በወንበር ተሸክመው የሚያወርዱት ሁለት ጎረቤቶች ይጥሩ።