የጠፋ ልጅ ታሪክ በሁለት ዘመን ሲተረክ፦ መሃሉ ላይ የላላውን ትልም እንዴት ላጥብቀው?

ጀማሪው ጸሐፊ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለቴሌቪዥን የማዘጋጀው 12 ክፍሎች ያሉት የወንጀል ድራማ አለኝ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ጨርሼ ሳነበው ግን ከ5ኛው እስከ 8ኛው ክፍል ያለው እንደ ላላ ገመድ ሆኖብኛልና፣ ልምድ ያላችሁ እንድታግዙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ጥር 11 ቀን 2004 ዓ.ም. እኩለ ቀን ገደማ፣ ታቦታቱ ከጃን ሜዳ ተነሥተው ወደየደብራቸው ሲመለሱ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ከእናቱ እጅ አምልጦ በሕዝቡ መካከል ይጠፋል። ሁለተኛው የታሪክ መስመር ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. የሚሄድ ሲሆን፣ እናትና አባት ተለያይተው፣ መዝገቡም አቧራ ለብሶ እናገኛቸዋለን። ጥፋተኛው የልጁ አጎት እንደሆነ የሚታወቀው በመጨረሻው ክፍል ነው። እስከዚያ ድረስ ተመልካቹ በቅደም ተከተል የቤት ሠራተኛዋን፣ የሰፈሩን ባለሱቅ፣ የግቢውን ተከራይና አንድ የማይታወቅ ፎቶግራፍ አንሺን ይጠረጥራል። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ክፍል ይዘው፣ በክፍሉ መጨረሻ ንጹሕ መሆናቸው ይረጋገጣል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ረቂቁን ያነበበችልኝ እህቴ 6ኛው ክፍል ላይ ስትደርስ «ይህም ሰውዬ እንደማይሆን አውቄዋለሁ፤ ገና ስድስት ክፍል ይቀራል» አለችኝና መልስ አጣሁ። ተጠርጣሪዎቹን ልቀንስ? ወይስ ጥፋተኛውን ቀድሜ ልግለጥ? ምልሰቱስ በሁለት ዘመን መካከል እንዲህ መመላለሱ ተመልካቹን አያደክመውም?

ኤዲተር ከሃያ ሁለት፦

እህትዎን አመስግኗት፤ ትክክለኛውን ቦታ ነክታለች። ስሕተቱ የተጠርጣሪዎቹ ብዛት አይመስለኝም። እያንዳንዱ ተጠርጣሪ ነጻ ሲወጣ ታሪኩ ወደ ዜሮ መመለሱ ነው። ባለሱቁ ተያዘ፣ ተጠየቀ፣ ተለቀቀ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዓለም ከመያዙ በፊት ከነበረው ዓለም በምን ይለያል? በረቂቅዎ በምንም የማይለይ ከሆነ፣ ተመልካቹ ያንን ክፍል ቢዘለው የሚጎድለው ነገር የለም ማለት ነው። ባለሱቁ ንጹሕ ሆኖ ሲመለስ ግን ሱቁ ተዘርፎ ቢያገኘው፣ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ ሄዳ ቢጠብቀው፣ እናትየውም ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጁ ማለፍ ቢያቅታት፣ ጥርጣሬው ከሸፈ እንጂ ከንቱ አልቀረም። የከሸፈ ጥርጣሬ ሁሉ አንድም ጉዳት፣ አንድም ፍንጭ ትቶ መሄድ አለበት፤ ሁለቱንም ቢተው የተሻለ ነው።

ሁለተኛው ነገር የጥያቄው ዓይነት ነው። በግድያ ታሪክ ውስጥ ተመልካቹ «ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በጠፋ ልጅ ታሪክ ውስጥ ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «በሕይወት አለ ወይ?» የሚለው ነው። እናት የምትነቃውም የምትተኛውም በዚህ ጥያቄ ነው። እርስዎ ግን አራት ክፍሎችን ሙሉ «ማን ነው?» በሚለው ላይ ብቻ አውለዋቸዋል። ከተጠርጣሪዎቹ ቢያንስ አንዱ የልጁን መኖር የሚያመለክት ነገር ይዞ ቢመጣ፣ መሃሉ በራሱ ይጠብቃል ብዬ አምናለሁ።

የልጁ አለመኖር በራሱ እንዴት እንደሚታይም ያስቡበት። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ላንግ በ1931 እ.ኤ.አ. በሠራው «ኤም» በተባለ ፊልም፣ ትንሿ ልጅ ስትሞት አናይም፤ የምናየው እናቷ ያዘጋጀችላትን ባዶ ሳህን፣ ሣር ላይ ተንከባልላ የምትቆም ኳስና ሽቦ ላይ የተያዘውን ፊኛ ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ገዳዩ ማን እንደሆነ ተመልካቹ ከፖሊስ ቀድሞ ያውቃል፤ ቢሆንም ልብ ሰቀላው አይቀንስም፤ ምክንያቱም ፖሊስም የከተማዋ ወሮበሎችም እየተሽቀዳደሙ ሲያድኑት እናያለንና። ስለዚህ «ጥፋተኛውን ቀድሜ ልግለጥ ወይ?» ለሚለው ጥያቄዎ፣ ይቻላል እላለሁ፤ ነገር ግን በእርስዎ ታሪክ ውስጥ አጎቱ በየቀኑ ከእናቲቱ ጋር ቡና የሚጠጣ ሰው ስለሆነ፣ ከ9ኛው ክፍል በፊት ባይሆን እመርጣለሁ። ያን ጊዜ ቀሪዎቹ ሦስት ክፍሎች «መቼ ታውቅ ይሆን?» በሚል ጭንቀት ይሞላሉ።

ዝምተኛ አንባቢ፦

ከላይ በተባለው ብዙ እስማማለሁ፤ ሁለቱን ዘመናት በተመለከተ ግን ጠያቂው በቂ ምክንያት ያላቸው አልመሰለኝም። ከሰባት ዓመት በኋላ ያለው መስመር የሐዘን ማሳያ ብቻ ከሆነ፣ ሐዘኑን በአንድ ክፍል አሳይቶ መጨረስ ይቻላል። በ2014 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ የቀረበው «ዘ ሚሲንግ» የተሰኘው ባለ 8 ክፍል ድራማ በ2006 እና በ2014 መካከል ይመላለሳል፤ ነገር ግን ፈረንሳዊው መርማሪ በኋለኛው ዘመን ሲያነክስ በፊተኛው አያነክስም። ተመልካቹ ያለ ምንም ጽሑፍ ዘመኑን ከሰውዬው እግር ይለያል፤ እግሩን ምን እንዳገኘው የማወቅ ጉጉትም ያድርበታል። በእርስዎ ድራማ ያለፈው ዘመን ብቻውን የማይፈታው፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ብቻ ሊፈታ የሚችል ነገር ምንድን ነው? ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልቻሉ፣ አንዱን ዘመን ይሰርዙት።

የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ፦

እኔ የድራማ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሆኖም በወንጀል መዝገብ ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ፣ ታሪኩን የሚጠቅም አንድ ነገር ልጠቁም። ጠያቂው «ተያዘ፣ ተጠየቀ፣ ተለቀቀ» የሚለውን በአንድ ክፍል ማስገባታቸው አስገርሞኛል፤ ምክንያቱም ሕጉ ራሱ የተዘጋጀ የልብ ሰቀላ ሰዓት ሰጥቷቸዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመጓዝ የሚወስደው ጊዜ አይታሰብም። በታሪኩ ዘመን ይሠራበት የነበረው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ፣ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ የጊዜ ቀጠሮ ሲጠይቅ፣ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይፈቀድለት ያዛል።

እንግዲህ ባለሱቁ ሰኞ ጥር 14 ቀን ተያዘ እንበል። ረቡዕ ጥር 16 ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ 14 ቀን ቢፈቀድ ጥር 30 እንደገና ይቀርባል፤ ዳግመኛ ቢፈቀድ የካቲት 14 ይሆናል። መርማሪው በእያንዳንዱ ቀጠሮ ላይ «ምን ሠራህ?» ተብሎ በዳኛ ይጠየቃል፤ አዲስ ነገር ይዞ ካልመጣ ተጠርጣሪው በዋስ ሊወጣበት ይችላል። ከ5 እስከ 8 ያሉትን ክፍሎች በእነዚህ ቀጠሮዎች ላይ ቢያቆሙ፣ የክፍል መቋረጫ ፍለጋ አይደክሙም፤ እናትየው በችሎቱ ደጃፍ የምትጠብቅበት ትዕይንትም በየጊዜው ተባብሶ ይመለሳል። እውነቱን ለመናገር፣ በብዙ ድራማዎቻችን ተጠርጣሪ ያለ ችሎት ሳምንታት ሲታሰርና ማንም ሳይጠይቅ ሲፈታ ማየት ያሳዝነኛል።

ለኋለኛው ዘመንም አንድ ነገር አለኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወሬው ሳይሰማ ሁለት ዓመት ስላለፈው ሰው የመጥፋት ውሳኔ መጠየቅ እንደሚቻል ይደነግጋል። አባትየው ይህን ውሳኔ ሊጠይቅ ቢነሣና እናትየው «ልጄን በወረቀት አትቅበርብኝ» ብትለው፣ የተለያዩበት ምክንያት በንግግር መተረኩ ቀርቶ በመዝገብ ቁጥር ይታያል።

ማኅሌት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ወንድሜ፣ «ዝምተኛ አንባቢ» ለጠየቁዎት ጥያቄ አንድ መልስ ላቀርብ ነው፤ ከወደዱት ይውሰዱት።

እኔ አሜሪካ ስኖር 19 ዓመቴ ነው። ዘመዶቻችን ክፉ ወሬ ከእኛ እንደሚደብቁ ታውቃላችሁ፤ የአባቴን ሞት የሰማሁት ከአራት ወር በኋላ ነው። እንግዲህ ለልጁ በሜሪላንድ የምትኖር አክስት ስጡት። መጥፋቱን ለስድስት ወር ይደብቋታል። ከሰባት ዓመት በኋላ አሮጌ የስልክ ሒሳብ ስታገላብጥ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2012 ከሌሊቱ ሥራ ስትገባ፣ ንጋት ላይ በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር 5 ሰዓት አንድ ጥሪ እንደ ደረሳት ታያለች። ቁጥሩ ያልታወቀ ተብሎ የተመዘገበ ነው፤ ከአገር ቤት የሚደወል ስልክ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይመጣል። አሁን ታስታውሰዋለች፤ የልጁ ድምፅ «እቴቴ» ብሎ ተቋርጦ ነበር። ጥምቀት ጃንዋሪ 19 እንደሆነ እዚህ ያለን ሰዎች ሁሉ በቃላችን እናውቃለን፤ ስለዚህ «ልጁ በጠፋ ማግስት በሕይወት ነበር!» ብላ ለእናቱ ትደውላለች። ኤዲተሩ የጠየቁት የመኖር ተስፋ በዚህ ይመጣል። ፍለጋው ሁሉ ወደ ጥር 12 ይዞራል፤ የእያንዳንዱ ሰው የጥር 12 ውሎ ይመረመራል፤ በዚያ ቀን አጎቱ የካ ሚካኤልን አጅቦ ሲመለስ መቶ ሰው አይቶታል። ስለዚህ ነጻ ይወጣል።

ነገር ግን 2003 ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበት ዓመት ነበረች፤ ከእርሷ ቀጥሎ ባለው በ2004 ዓ.ም. ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ነው። ጥሪው የመጣው በማግስቱ ሳይሆን በዕለቱ ነው፤ በጃንዋሪ የእኛና የአገር ቤት ሰዓት በስምንት ሰዓት ስለሚለያይም፣ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል፤ ልጁ ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ ማለት ነው። አጎቱ በዚያ ሰዓት አዳማ ነበርኩ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። የአክስቲቱን ቁጥር ከቤተሰቡ የሚያውቁት ደግሞ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ተስፋ የሆነው ወረቀት ተስፋውን ነጥቆ ማስረጃ ይሆናል። ይህ ስሕተት በ2004 ሊሠራ አይችልም፤ ያን ሰሞን ጥምቀት በየትኛው ቀን እንደዋለ ሁሉም ያውቃልና። የሰባት ዓመት ርቀትና የተደበቀ መርዶ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ዘመን ሥራ ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ለምን ደወለ ለሚለው፣ አጎቱ ልጁን መጀመሪያ ያገኘው ሊመልሰው አስቦ እንደነበረ ቢያደርጉት ደስ ይለኛል፤ ሲያባብለው ደወለ፣ ከዚያ አንድ ነገር ሐሳቡን አስለወጠው። ያንን እርስዎ ይጻፉት።

ኤዲተር ከሃያ ሁለት፦

ግሩም ነው፤ አንድ ስጋት ብቻ አለኝ። የጳጉሜን ጉዳይ ያለ ንግር፣ ማለትም አስቀድሞ ሳይጠቆም፣ በ10ኛው ክፍል ድንገት ከመጣ፣ ተመልካቹ ተታለልኩ ይላል። ደግሞም ሁለቱን አቆጣጠሮች ስናለዋውጥ የምንኖር ሕዝብ ነን፤ ከቤቱ ሆኖ ቀድሞ የሚደርስበት ሰው አይጠፋም። እንዲያውም ጥቂቶች ቢደርሱበት አይከፋም፤ የደረሰበት ሰው እናቲቱን ስትስቅ እያየ ይሳቀቃል።

ጀማሪው ጸሐፊ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፎቶግራፍ አንሺውን አውጥቻለሁ፤ የባለሱቁን ጉዳይ በሦስት ቀጠሮ ከፍዬ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍል ዘርግቼዋለሁ፤ ሱቁም ይዘረፋል። የመጥፋት ውሳኔውን በኋለኛው ዘመን የመጀመሪያ ትዕይንት አድርጌዋለሁ። የስልክ ሒሳቡ በ8ኛው ክፍል መጨረሻ ይመጣል፤ በ10ኛው ይገለበጣል። አጎቱ ግን ከዚያ በፊት ለተመልካቹ አይገለጥም፤ በዚህ ኤዲተሩን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ነጻ ሲወጣ ተመልካቹም አብሮ እፎይ እንዲል እፈልጋለሁና።

ስለ ንግሩ ትናንት ማታ ያሰብኩት ይህ ነው። በ1ኛው ክፍል እናትየው ልጁን ነጭ ልብስ ስታለብሰው፣ ከበስተኋላዋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ አለ፤ እንደ ማንኛውም የቤታችን መቁጠሪያ፣ በትልቁ 11፣ ከጥጉ በትንሹ 20 የሚል ታትሞበታል። ካሜራው አይጠጋውም፤ ልጁ ግን ጫማውን እስኪያስሩለት ድረስ በእርሳስ እየከበበው ይቆያል። የሚከበው ትልቁን ቁጥር ይሁን ትንሹን ገና አልወሰንኩም።

ማኅሌት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ትልቁን ይክበብ። የሰባት ዓመት ልጅ ትንሿን ቁጥር ከከበባት የጸሐፊው እጅ ይታያል።