ዋጋ ጠይቄ ታገድኩ፣ ዋጋ የደበቀው ግን አለ

የአቶቴዋ፦ ሰላም ወገኖች። የምኖረው ሐዋሳ ነው። የቤት ኪራይ የሚለጠፍበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አለሁ። ከላይ ፒን የተደረገው ሕግ «ዋጋ ያልተጻፈበት ማስታወቂያ ይጠፋል» ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። እህቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምትሠራው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል አይታ በባጃጅ ትሄዳለች፤ ኪራዩን ስትሰማ ትመለሳለች። የባጃጁ ግን ከደመወዟ ወጥቷል።

ሰሞኑን አንድ ደላላ ዋጋ ሳይጽፍ ለጠፈ። «ወንድም፣ ዋጋውን ጻፍልን፤ ሕጉ እኮ ያዛል» አልኩት። የኔ መልእክት ጠፋ፣ እኔም እንዳልጽፍ ታገድኩ። የሱ እስካሁን አለ። ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ ሰርቪስ ቤታቸውን ያለ ዋጋ ቢለጥፉ ወዲያው ጠፋባቸው። ለአንዱ ሠርቶ ለሌላው የሚተኛ ሕግ በጣም ነው የሚያንገበግበኝ። አድሚኖች፣ እንዴት ነው የምትወስኑት?

አድሚን የነበርኩ፦ እህቴ፣ አድሚን ሁሉንም አያነብም። የሚያየው ሰው ስክሪንሾት ልኮ የከሰሰውን ነው። ደላላውን ማን ይከሳል? ነገ ቤት ይፈልግለታላ። የእትዬን ግን ደላላው ራሱ ይከሳል፤ ያለ እሱ ካከራዩ ኮሚሽኑ ቀረበት። ሌላም አለ። ቴሌግራም ላይ ማን ምን እንዳጠፋ የሚታየው ለአድሚኖች ብቻ ነው፤ እሱም ለ48 ሰዓት። ከዚያ ወዲያ አንዱ አድሚን ሌላው ምን እንዳጠፋ ማየት አይችልም። ሦስት አድሚን ካለ ሦስት ሕግ ነው።

ባለ ባጃጅ፦ እኔ ግን ሳይከፈል አይቀርም ባይ ነኝ። ግሩፕ መምራት ድካም አለው፣ ቢከፈላቸው አልቃወምም። ግን «የተከፈለበት» ብለው ይጻፉበት።

ታቦር ሥር፦ ፌስቡክ ግሩፕ ላይ አድሚን ፖስት ሲያጠፋ የትኛው ሕግ እንደተጣሰ መርጦ ለባለቤቱ መላክ ይችላል። ቴሌግራም ላይም አንድ መስመር መጻፍ አይከብድም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጡት የሳንታ ክላራ መርሆዎች ከትልልቆቹ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፦ ምን ያህል እንዳጠፉ ይግለጹ፣ ምክንያቱን ይንገሩ፣ ይግባኝ ይስሙ። አንቺም ይግባኝ በይ።

የአቶቴዋ፦ የክሱን ነገር አላሰብኩትም ነበር፣ አመሰግናለሁ። የሁለቱንም ስክሪንሾት ለአድሚኑ በውስጥ ልኬ «ወይ ሁለቱንም አጥፋ፣ ወይ የእትዬን መልስ» አልኩት። አይቶታል፣ ገና አልመለሰም። እስከዚያው ዋጋ የሌለውን ሁሉ፣ የማንም ይሁን፣ እየላክንለት ነው።