ለቲማቲም በበጋ በየስንት ቀኑ፣ ምን ያህል ውሃ?

ጊቤ ዳር፦
ሰላም ወገኖች። ቦታው ጅማ ዙሪያ ነው፤ 500 ካሬ ሜትር ቲማቲም፣ ፍሬ እየያዘ ያለ። አፈሩ ቀይ ሸክላማ ነው፤ ውሃው በሞተር ተስቦ በቦይ ይገባል። በየ3 ቀኑ ይጠጣል፤ ሆኖም አንዳንዱ ፍሬ ታቹ ጠቁሮ ይሰረጉዳል፣ አንዳንዱም ይሰነጠቃል። ውሃ አንሶት ነው ወይስ በዝቶበት? በሂሳብ የሚያስረዳ ካለ።

ቦይ ቀያሽ፦
መነሻው ከአፈሩ የሚተነውና ተክሉ በቅጠሉ የሚያስወጣው ውሃ ድምር ነው። ለጅማ በጋ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ብለው ይያዙ፤ ፍሬ ለያዘ ቲማቲም በ1.15 ሲባዛ 4.6 ይሆናል። 1 ሚሊ ሜትር በካሬ ሜትር 1 ሊትር ስለሆነ ማሳዎ በቀን 2,300 ሊትር ይፈልጋል።

አፈሩስ ስንት ይይዛል? እንዲህ ያለው አፈር በ1 ሜትር ጥልቀት 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ይይዛል፤ ሥሩ 60 ሳንቲ ከወረደ 90 ማለት ነው። ከዚህ 40 በመቶው፣ 36 ሚሊ ሜትሩ፣ ሳያልቅ መጠጣት አለበት። 36 ለቀኑ 4.6 ሲካፈል 7.8 ቀን ነው፤ ስለዚህ በየ7 ቀኑ 16,100 ሊትር። በቦይ ሲሆን 40 በመቶው ይባክናል ብለን ብናስብ ከሞተሩ 27,000 ሊትር ይውጣ።

የሞተሩን ጉልበት በወረቀቱ አይመኑ። 200 ሊትር በርሜል በ25 ሴኮንድ ከሞላ በሴኮንድ 8 ሊትር ነው፤ 56 ደቂቃ ያህል ይበቃል።

ቀዩ አፈር፦
ሂሳቡ ትክክል ነው፤ ግን ከ3 ቀን ወደ 7 በአንዴ አይዝለሉ! ቶሎ ቶሎ በጥቂቱ ሲጠጣ ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል። መጀመሪያ 4፣ ከዚያ 5 ያድርጉት፤ በየጊዜው ውሃውን እየጨመሩ።

የፍሬው ታች የሚጠቁረው ካልሲየም ሳይደርሰው ሲቀር ነው። ካልሲየም ከውሃው ጋር ነው የሚጓዘው፤ እርጥበቱ ከተቆራረጠ አፈሩ ውስጥ ሞልቶም ፍሬው ጋ አይደርስም። ዩሪያ ማብዛትም ያባብሰዋል። የሚሰነጠቀው ደግሞ ደርቆ ቆይቶ ድንገት ብዙ ሲጠጣ ነው። የተበላሸው ፍሬ የቦዩ ጫፍ ላይ ከበዛ ችግሩ የቀኑ ቁጥር ሳይሆን ውሃው እኩል አለመድረሱ ነው፤ ቦዩን ያሳጥሩ።

ከማጠጣትዎ በፊት 30 ሳንቲ ቆፍረው አፈሩን ይጨብጡ። ተድበልብሎ ከያዘ ይቆይ፤ ከተፈረፈረ ዘግይተዋል። ቀትር ላይ ቅጠሉ ስለጠወለገ ብቻ አያጠጡ፤ ማለዳም ካላገገመ ነው የተጠማው።

የጓሮ ሰው፦
መደቡን በደረቅ ሣር ወይም በጭድ ይጎዝጉዙ፤ ከአፈሩ የሚተነው በደንብ ይቀንሳል። አጠገቡ ቡና ካለ ግን ይህን ሂሳብ ለሱ አያውሉት። የቡና እምቡጥ ደረቅ ጊዜ አሳልፎ ነው በዝናብ የሚፈነዳው፤ በጋውን ሙሉ ካጠጡት አበባው ይበታተናል፣ ለቀማውም አንድ ላይ አይደርስም።