አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የውስጥ ሲዲ ራይተር ልገጥም ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?

ትንሿ ኮከብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የቆየ ዴስክቶፕ አለኝ፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት፣ ሲዲ የሚያነብ እንጂ የማይጽፍ። አሁን ያገለገለ የውስጥ ሲዲ ራይተር እጄ ገብቷል። ፊቱ ላይ 52፣ 24፣ 52 የሚሉ ቁጥሮች አሉት። ከኋላው በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ብዙ ቀጫጭን እግሮች፣ ዳር ላይ ባለ 4 እግር የኃይል መሰኪያ፣ መሃል ላይ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታህል ፕላስቲክ ተሰክታለች። እሷ ምን እንደምትሠራ አልገባኝም።

ሃርድ ዲስኩ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ የቤተሰብ ፎቶዎችን ሲዲ ላይ ገልብጬ ከኮምፒውተሩ ላጠፋቸው ነው ሐሳቤ። ኬዝ ከፍቼ አላውቅም። ኤሌክትሪክ ይይዘኛል ወይ? ጨረሩ ዓይን ያጠፋል የሚባለውስ እውነት ነው? የድሮውን ማንበቢያ ላውጣው ወይስ ሁለቱ አብረው ይሠራሉ? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ጋሼ ሽቦ፦

ልጄ አትፍሪ፣ ግን አትቸኩይ። የገለጽሽው አይዲኢ የሚባለው የድሮው ዓይነት ነው። ከሱ በኋላ የመጡት ሳታ ናቸው፣ የነሱ የዳታ ኬብል ቀጭን ነው፣ ካንቺው ጋር አይገጥምም። የአሁኑ ማንበቢያሽ በሰፊ ጠፍጣፋ ኬብል ከተያያዘ ማዘርቦርድሽ ላይ ባለ 40 እግሩ መሰኪያ አለ ማለት ነው፣ ሌላ ነገር መግዛት አያስፈልግሽም።

ኮምፒውተሩን ዝጊ፣ ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀይ፣ ከዚያ ማብሪያውን አንዴ ተጫኚው፤ ውስጥ የቀረችው ኃይል ትወጣለች። እንዲህ ካደረግሽ ኬዝ ውስጥ እጅሽን ብታስገቢ አይይዝሽም። ፓወር ሰፕላዩን፣ ኃይል የሚያከፋፍለውን ሣጥን፣ ግን በፍጹም እንዳትከፍቺ፤ ሶኬቱ ተነቅሎም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ኃይል ይዘው ይቆያሉ። ሌላው ስጋት ካንቺ ይልቅ ለዕቃው ነው፤ ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ቺፕ ያቃጥላል። ራይተሩን ከማንሳትሽ በፊት ቀለም ያልተቀባ የኬዙን ብረት ንኪ፣ በየመሃሉም ደጋግሚው፣ ምንጣፍ ላይ ቆመሽ አትሥሪ።

ያቺ ትንሽ ፕላስቲክ ጃምፐር ትባላለች፣ ነገሩ ሁሉ የሚበላሸውም በሷ ነው። በአንድ አይዲኢ ኬብል ላይ ሁለት ዕቃ ይሰካል፤ አንዱ ማስተር (ቀዳሚ)፣ ሌላው ስሌቭ (ተከታይ) መሆን አለበት፤ ይህን የሚወስነው ጃምፐሩ የተሰካበት ቦታ ነው። ሁለቱም ማስተር ከሆኑ ይጋጫሉ፣ ኮምፒውተሩ ወይ አንዱን ብቻ ያያል ወይ ሁለቱንም አያይም። የትኛው ቦታ ምን እንደሆነ ራይተሩ ጀርባ ላይ ወይም ከላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። የኔ ምክር ሃርድ ዲስኩን በአንደኛው ኬብል ብቻውን ተዪው፣ ራይተሩን በሁለተኛው ኬብል ላይ ማስተር፣ ማንበቢያውን እዚያው ስሌቭ አድርጊ። የጃምፐሩን ቦታ ሳትነኪ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

የኬዙን ሁለቱንም ጎን ክፈቺ፣ ብሎኑ በሁለቱም በኩል ስለሚታሰር። ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ቦታ የሚሸፍነውን ፕላስቲክ ከውስጥ ገፍተሽ አውጪና ራይተሩን ከፊት በኩል አስገቢው፤ ቦታው 5.25 ኢንች ስፋት ያለው ነው፣ ልክ ይገባል። ከራይተሩ ጋር የሚመጡትን አጫጭር ብሎኖች ብቻ ተጠቀሚ፤ ረጅም ብሎን ውስጥ ድረስ ገብቶ ሰርኪዩቱን ይነካል። በካቻቢቴ መጀመሪያ ሁሉንም ላላ አድርገሽ እሰሪ፣ ፊቱ ከኬዙ ጋር እኩል ሲሆንልሽ ያኔ አጥብቂ።

ጠፍጣፋው ኬብል በአንድ ጠርዙ ቀይ መስመር አለው። ቀዩ ወደ 1 ቁጥር እግር ነው የሚዞረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከኃይል መሰኪያው ወገን ያለው ማለት ነው። የኃይሉ መሰኪያ ሁለት ማዕዘኖቹ የተቆረጡ ስለሆኑ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባው፤ ጠንክሮ መግባት ግን ባሕሪው ነው፣ ቀጥ አድርገሽ ግፊው። ኬብል ስትነቅዪ ፕላስቲኩን ይዘሽ እንጂ ሽቦውን አትጎትቺ።

የማታ ወፍ፦

ጋሼ አገጣጠሙን ጨርሰውታል፣ እኔ ስለ ጨረሩ ልበል። እህቴ፣ ሽፋኑ እስካልተከፈተ ድረስ ሌዘሩ ወደ ውጭ አይወጣም፣ ዓይንሽን አይነካም። የሲዲ ሌዘር 780 ናኖሜትር አካባቢ ነው፣ ዓይናችን ከሚያየው ውጪ ማለት ይቻላል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው፣ ስለማይታይ ዓይን በፍጥነት አይጨፈንም፣ መጻፊያው ደግሞ ከማንበቢያው በጣም ይበረታል። ስለዚህ ራይተሩ ቢበላሽ እንኳን ሽፋኑን ከፍተሽ ኃይል ሰጥተሽ ‹‹እስቲ ምን እየሆነ ነው›› ብለሽ እንዳታዪ።

ከጨረሩ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ የተሰነጠቀ ዲስክ ነው። በ52 ፍጥነት ዲስኩ በደቂቃ ወደ 10,000 ጊዜ ይሽከረከራል። መሃል ቀዳዳው አካባቢ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች እዚያ ፍጥነት ላይ ዲስኩ ሊፈነዳ ይችላል፣ ስብርባሪው መሣሪያውን ከጥቅም ውጪ ያደርጋል፣ አንዳንዴም የፊቱን በር ሰብሮ ይወጣል። ሁልጊዜ ከመክተትሽ በፊት ወደ ብርሃን አቅርበሽ መሃሉን እዪው። ስንጥቅ ካለው ፎቶ ቢኖርበትም ባይኖርበትም እዚያ ፈጣን መሣሪያ ውስጥ አይግባ። የወረቀት ስቲከርም አትለጥፊበት፤ ትንሽ ከተዛነፈ ሚዛኑን ያዛባል፣ ሙቀት ሲያገኘውም ይላቀቃል።

ሰነድ ጠባቂ፦

እኔን ያሳሰበኝ ‹‹ገልብጬ ላጠፋቸው›› ያልሽው ነው። እባክሽ ቆይ!

ፎቶ ስታስቀምጪ ሲዲ አር ተጠቀሚ፣ አንዴ ተጽፎ የሚቀረውን። ሲዲ አርደብሊው እየተሰረዘ ስለሚጻፍ ለዕለት ሥራ ጥሩ ነው እንጂ ለማስቀመጫ አይመከርም። 700 ሜጋባይት ይይዛል፣ እስከ ጫፉ አትሙዪው፣ ትንሽ ቦታ ተዪ። ራይተሩ 52 ይላል ብለሽ በ52 አትጻፊ፤ በ16 ወይም በ24 ጻፊ፣ የምታጪው ደቂቃ ነው። በነገራችን ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ለሲዲ አር፣ ሁለተኛው ለሲዲ አርደብሊው፣ ሦስተኛው ለንባብ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ ኤክስፒ በራሱ ሲጽፍ ፋይሎቹን መጀመሪያ ሃርድ ዲስኩ ላይ ጊዜያዊ ቦታ ላይ ያዘጋጃቸዋል። ሃርድ ዲስክሽ ጢም ካለ እዚያው ይሰናከላል። ቢያንስ 1 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አዘጋጂ።

ተጽፎ ሲያልቅ ዲስኩን አውጥተሽ በድሮው ማንበቢያ ክፈቺው። ለዚህ ነው ማንበቢያውን አታውጪ የምለው፤ አንዳንድ ዲስክ በጻፈው መሣሪያ ብቻ ይነበብና ሌላው ላይ እምቢ ይላል፣ ያንን ፎቶዎቹ ሳይጠፉ ማወቅ ይሻላል። ሁሉንም መርጠሽ ወደ አንድ ፎልደር መልሰሽ ገልብጪ፣ ሳያቋርጥ ካለቀ ጥሩ ነው። ከዚያ ሁለተኛ ኮፒ ጻፊና ሌላ ቤት አስቀምጪው። ያኔ ከኮምፒውተሩ ብታጠፊ ችግር የለውም።

ዲስኩን በጠርዙ ያዢ፤ ደግሞ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፣ ከሥር ካለው ከሚያብረቀርቀው ይልቅ ስሙ የሚጻፍበት የላይኛው ፊት ነው የበለጠ በቀላሉ የሚጎዳው። ዳታው ያለው ከዚያ ሥር ነው፣ የሚሸፍነው ስስ ቅብ ብቻ ነው። ስለዚህ በእስክሪብቶ እንዳትጽፊበት፣ ለሲዲ የተሠራ ለስላሳ ማርከር ተጠቀሚ። ፀሐይም አታስመቺው፤ የሲዲ አር ቀለም በብርሃን ይደበዝዛል።

ትንሿ ኮከብ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዳሉት አደረግሁ፤ ሁለቱም ታይተዋል። የማታ ወፍና ሰነድ ጠባቂም አመሰግናለሁ፣ ምንም አላጠፋሁም። አሁን ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። በ16 ስጽፍ ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል፣ ማውዙ እንኳን እየተቆራረጠ ነው የሚሄደው፣ አንዱ ዲስክ ግማሽ ላይ ቆመ። ባዶ ቦታ አለ። ራይተሩ ሞቷል ማለት ነው?

ጋሼ ሽቦ፦

አልሞተም ልጄ። ማውዙ የሚቆራረጠው ሥራውን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ራሱ እየተሸከመ ስለሆነ ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብተሽ ሁለተኛውን የአይዲኢ ቻነል ክፈቺ፣ የዝውውር ዘዴው ‹‹ፒአይኦ›› ብቻ ይላል ብዬ እገምታለሁ፤ ዳታውን ፕሮሰሰሩ ራሱ የሚያመላልስበት ዘዴ ነው። ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር ዳታው በቀጥታ ወደሚያልፍበት ወደ ዲኤምኤ መልሺው፣ ኮምፒውተሩን ዝጊና አስነሺ። የሲዲ 1 ፍጥነት በሰኮንድ 150 ኪሎባይት ነው፣ 16 ደግሞ 2.4 ሜጋባይት ይሆናል፤ በፒአይኦ ያንን ያለማቋረጥ ማድረስ ለአሮጌ ኮምፒውተር ከባድ ነው፣ ዳታው ሲያልቅበት ዲስኩ ሊበላሽ ይችላል።

ኤክስፒ ስህተት ሲደጋገምበት ራሱ ነው ወደ ፒአይኦ የሚወርደው። ስለዚህ ተመልሶ ከወረደ ኬብሉን ጠርጥሪ፤ ሶኬቱን ነቅለሽ ጠፍጣፋውን ኬብል በሁለቱም ጫፍ አውጥተሽ መልሰሽ ሰኪው፣ የታጠፈ ወይም የተላጠ ካለ በሌላ ቀይሪው። እስኪስተካከል ድረስ የፎቶ ዲስክ አታባክኚ፣ በሲዲ አርደብሊው ሞክሪ።

ትንሿ ኮከብ፦

ፒአይኦ ይል ነበር! ወደ ዲኤምኤ መልሼ አስነሳሁት፣ አሁን እየጻፈ ማውዙ እንደ ልቡ ይሄዳል። ሲያልቅ በድሮው ማንበቢያ ከፍቼ መልሼ እገለብጠዋለሁ። ሁለተኛውን ኮፒ እኅቴ ቤት አስቀምጣለሁ።