በ402 ሜትር ውድድር መነሻው ላይ ጎማው የሚሾርብኝን መኪና እንዴት ላስተካክል?

ጥያቄ፦ የአራት ኪሎው

ሰላም ለሁላችሁም። ፎርዛ ሆራይዘን 5 የተባለውን የመኪና ውድድር ጌም አዘውትሬ የምጫወተው ቤቴ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ጌም ቤት ከጓደኞቼ ጋር በድራግ፣ ማለትም በቀጥታ መስመር ሩጫ፣ እንገጥማለን። የ1998ቱን ቶዮታ ሱፕራ መርጬ ሞተሩን እስከ 800 የፈረስ ጉልበት አሳድጌዋለሁ፤ በኋላ እግሩ የሚነዳ መሆኑን ሳልቀይር የድራግ ጎማም አስገጥሜለታለሁ። ይህ ሁሉ ሆኖ 402 ሜትሩን የምጨርሰው በ10.6 ሴኮንድ ነው፤ 650 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያለው መኪና የሚነዳው ጓደኛዬ ግን ሁልጊዜ ይቀድመኛል።

አረንጓዴው መብራት እንደበራ ቤንዚኑን ሙሉ በሙሉ እሰጣለሁ። የኋላ ጎማዎቹ እየጨሱ ባሉበት ይሾራሉ፣ የሽክርክሪት መቁጠሪያው ቀዩን ይነካል፣ ጓደኛዬም በዚያች ቅጽበት ሁለት መኪና ያህል ርቆኛል። ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስቀይር ሞተሩ ይታፈናል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ መስመሩ ሳይደርስ አራተኛው ማርሽ ያልቅብኝና አምስተኛ ለማስገባት እገደዳለሁ። ጉልበት ልጨምርለት ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ?

መልስ፦ ካምቢዮ

ወንድሜ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለ ጋራዥ የምሠራ መካኒክ ነኝ፤ ማታ ማታ ከልጄ ጋር ይህንኑ ጨዋታ እጫወታለሁ። ጉልበት አትጨምርበት፤ ያለህንም ጉልበት መሬቱ አልተቀበለልህም። የድራግ ውድድር የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 18 ሜትሮች ውስጥ ነው፤ እዚያ የጠፋች እያንዳንዷ ቅጽበት እስከ መስመሩ ድረስ ትከተልሃለች።

በክረምት ባዶ ፒክአፕ በእርጥብ ኮብልስቶን ዳገት ሲወጣ አይተህ ከሆነ፣ የኋላ ጎማው እየሾረ አልወጣ ይልና ሾፌሩ ሁለት ኩንታል ሲጭንበት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጎማ መሬት የሚይዘው በላዩ ባረፈው ክብደት ልክ ነው። ድራግ ላይ ደግሞ ክብደቱን ከፊት ወደ ኋላ የሚያመጣልህ የራሱ የመኪናው መነሳት ስለሆነ፣ የፊቱን ሞላ አለስልሰው፤ የፊቱ ሾክ አብሶርበር ሲዘረጋ የሚያሳየውን መቋቋምም ዝቅ አድርገው። ያን ጊዜ አፍንጫው ቶሎ ቀና ይልና ክብደቱ የኋላ ጎማው ላይ ያርፋል። የኋላ ጎማውን ነፋስ ከ30 ፒኤስአይ ወደ 20 አካባቢ አውርደው፤ ጎሚስታ ዘንድ ቆመህ እንደምታየው፣ ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሬት የሚነካው በመሀሉ ብቻ ነው። የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን ዲፈረንሻልም ቤንዚን ሲሰጥ 100 በመቶ እንዲቆለፍ አድርገው፤ አለዚያ አንዱ ጎማ ሲሾር ሌላው አብሮት አይገፋም።

ከሁሉም በላይ ግን ጣትህን አስለምድ። ግማሽ ያህል ሰጥተህ ተነሳ፤ ጎማው መሬቱን እንደያዘ ሲሰማህ ቀሪውን ጨምርለት።

መልስ፦ የለገሃሩ

ጋሼ ካምቢዮ የመነሻውን ነገር በሚገባ ስላስረዱ እኔ ማርሹ ላይ ላተኩር። በእኔ ግምት ዋናው ጥፋት ፋይናል ድራይቩ ላይ ነው፤ ይህም ሁሉንም ማርሾች በአንድ ጊዜ የሚያሳጥር ወይም የሚያስረዝም ምጣኔ ነው። የጎማህ ዙሪያ 2 ሜትር፣ የሞተሩ ጣሪያ 7,000 ዙር በደቂቃ፣ የአራተኛ ማርሽህ ምጣኔ 1.00 ነው እንበል። ፋይናል ድራይቩ 4.20 ከሆነ ጎማው በደቂቃ 1,667 ዙር ያህል ይዞራል፤ ይህም በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ስለሆነ አራተኛው ማርሽ እዚያ ያበቃል። 800 የፈረስ ጉልበት ያለው ሱፕራ ግን መስመሩን የሚያልፈው ወደ 240 ተጠግቶ ነው። ወደ 3.50 ብታወርደው አራተኛው ማርሽ ልክ 240 ድረስ ያደርስሃል፤ በየማርሹ ጎማው ላይ የሚደርሰው የማዞር ኃይልም በአንድ ስድስተኛ ስለሚቀንስ መነሻው ላይ ያለው መሾር ይረግብልሃል።

ሁለተኛው ማርሽ ላይ የሚሰማህ መታፈን ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ ከሚገፋው ከቱርቦው ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። አንደኛው 2.60፣ ሁለተኛው 1.75 ከሆነ፣ 7,000 ላይ ስትቀይር ሽክርክሪቱ ወደ 4,700 ይወርዳል። ትልቅ ቱርቦ ከ5,000 በታች ገና አይነቃም፤ ሁለተኛውን ወደ 1.90 ብታቀርበው ግን የምትወርደው ወደ 5,100 ነው። አደራ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አትነካካ፤ አንዱን ቀይረህ አምስት ጊዜ ሩጥና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፍ።

መልስ፦ ባለ አራት እግር

እኔ በዚህ አልስማማም። መኪናውን በአራቱም ጎማ የሚነዳ ማድረግ እየተቻለ ይህን ሁሉ መድከም ለምን አስፈለገ? ከለወጥኩ ወዲህ አንድም ጊዜ መነሻው ላይ ጎማ ሾሮብኝ አያውቅም።

መልስ፦ ካምቢዮ

ወንድሜ፣ ለጀማሪ የሰጠኸው ምክር ትክክል ነው። ነገር ግን ለውጡ ክብደት ይጨምራል፤ ጨዋታው የመኪናን አቅም የሚለካበትን የደረጃ ነጥብም ይበላል። ልጆቹ የሚገጥሙት በኤስ1፣ ማለትም እስከ 900 ነጥብ ባለው ደረጃ ከሆነ፣ ለአራት ጎማ የከፈልከውን ነጥብ ከሞተሩ ላይ መልሰህ ማውረድ ይኖርብሃል፤ ያኔ መነሻው ላይ ያገኘኸውን ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ታጣዋለህ። ገደብ ከሌላችሁ ግን ሐሳብህን እቀበላለሁ።

ምላሽ፦ የአራት ኪሎው

ጋሼ ካምቢዮ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የለገሃሩ ወንድሜም እንዲሁ። እንደተባልኩት አንድ በአንድ ሞከርኩት። የጎማውን ነፋስና የፊቱን ሞላ ሳስተካክል 10.6 የነበረው 10.2 ሆነ፤ ፋይናል ድራይቩን 3.50 ሳደርገው ደግሞ 9.9 ገባ፤ አምስተኛ ማርሽም አላስፈለገኝም። አፍንጫው ቀና ሲልና የኋላው ቁጭ ሲል ስክሪኑ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ከዚህ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ሁለተኛውን ማርሽ 1.90 ሳደርገው ግን ስቀይር ጎማው እንደገና ትንሽ ሾረ። 1.82 ላይ ትቼዋለሁ፤ ሽክርክሪቱ ወደ 4,900 ይወርዳል፣ ሞተሩም ከበፊቱ ያነሰ ነው የሚታፈነው። የእኛ ውድድር የነጥብ ገደብ ስላለው የኋላ እግር ነጂነቱን አልቀይረውም። ጓደኛዬ ለፊታችን ቅዳሜ ቀጠሮ ይዞልኛል፤ እስከዚያው ነዳጁን በግማሽ ሰጥቼ መነሳቱን እየተለማመድኩ ነው።